ስለ ቬንቲሌተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም የአንባቢያን ጥያቄ ዓምዳችንን ሙሉ በሙሉ ለአንድ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ከቆላማ ከተሞቻችን፣ ከቴክኒክ ኮሌጆችና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የደረሱን ደብዳቤዎች ተቀራራቢ ነገር ይጠይቃሉ፦ በቤት ኤሌክትሪክ የሚሠራን ቬንቲሌተር ፍጥነት በአርዱዊኖ ወይም በሌላ ማይክሮኮንትሮለር (በተጻፈለት ኮድ ሌሎች ዕቃዎችን በሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር) እንዴት ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል? ሥራው በ220 ቮልት ላይ የሚሠራ በመሆኑና ስሕተቱ ከዕቃ አልፎ ሰውን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ረዘም ማለት የሚገባቸውን መልሶች ሳናሳጥር አቅርበናል።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ የምኖር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። የጣሪያ ቬንቲሌተሬን ለመቆጣጠር አርዱዊኖ ኡኖ፣ ኤምኦሲ3041 ኦፕቶካፕለር (ሁለት ሰርኪዩቶችን ሳያነካካ ምልክትን በብርሃን የሚያሻግር ዕቃ) እና ቢቲ136 ትራያክ (ለተለዋዋጭ ጅረት የሚሆን ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ) ገጥሜ፣ ለዲሲ ሞተር እንደምናደርገው በፒደብሊውኤም (ኃይሉን በፍጥነት እያበሩና እያጠፉ በመመጠን) ፍጥነቱን ለመቀነስ ሞከርኩ። ማብራትና ማጥፋቱ በትክክል ይሠራል። ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ሳወርደው ግን እያጉረመረመ ይንቀጠቀጣል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም የሞተሩ አካል በእጅ እስከማይነካ ድረስ ይሞቃል። ችግሩ ከትራያኩ ነው ወይስ ከኮዱ?

መልስ፦ ትራያክዎ ደኅና ነው። ችግሩ ያለው ለዲሲ ሞተር የሚያገለግለውን ዘዴ ለተለዋዋጭ ጅረት መጠቀምዎና በመረጡት ኦፕቶካፕለር ላይ ነው። ሞተሩ እንዲህ እየሞቀ ሙከራውን እንዳይቀጥሉ አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

ለዲሲ ሞተር ትራንዚስተር ስንጠቀም በፈለግንበት ቅጽበት ከፍተን በፈለግንበት ቅጽበት እንዘጋለን። ትራያክ ይህን አይፈቅድም። በጌቱ (በመክፈቻ እግሩ) በኩል ትንሽ ጅረት ሲደርሰው ይከፈታል፤ አንዴ ከተከፈተ ግን የጌቱ ምልክት ቢቋረጥም በውስጡ የሚያልፈው ጅረት ወደ ዜሮ እስኪወርድ ድረስ አይዘጋም። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ ስለሆነ ሙሉው ዑደት 20 ሚሊሰከንድ፣ ግማሹ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ስለዚህ ትራያኩ የመዘጋት ዕድል የሚያገኘው በየ10 ሚሊሰከንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የአርዱዊኖ ኡኖ ፒደብሊውኤም በአብዛኞቹ ፒኖች ላይ በሰከንድ 490 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። በአንድ ግማሽ ዑደት ውስጥ አምስት ያህል ምልክቶች ይደርሳሉ ማለት ነው፤ ነገር ግን ምልክቱና የኤሌክትሪኩ ሞገድ እርስ በርስ ሳይጠባበቁ የሚሄዱ በመሆናቸው፣ ምልክቱ በሞገዱ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ከግማሽ ዑደት ወደ ግማሽ ዑደት ይለዋወጣል።

በእርስዎ ሰርኪዩት ላይ ደግሞ ሁለተኛ ችግር ተደርቧል። ኤምኦሲ3041 በውስጡ የቮልቴጁን ዜሮ ማለፍ የሚለይ ክፍል አለው፤ ቮልቴጁ ከ20 ቮልት ገደማ በላይ ከወጣ በኋላ ምልክት ቢደርሰውም አይከፈትም። ስለዚህ ፒደብሊውኤሙ ሞገዱ ዜሮ ላይ ሲደርስ በርቶ ከተገኘ ግማሽ ዑደቱ በሙሉ ያልፋል፣ ጠፍቶ ከተገኘ ግማሽ ዑደቱ በሙሉ ይቀራል። መንቀጥቀጡ የመጣው ከዚህ ነው። ሙቀቱ ግን የበለጠ ያሳስበኛል። ያለፉት ግማሽ ዑደቶች ከአሉታዊው ይልቅ ወደ አዎንታዊው ካደሉ፣ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ በሞተሩ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ቀጥተኛ ጅረት መፍሰስ ይጀምራል። ጥቅል ሽቦው ተለዋዋጭ ጅረትን የሚገታው በመግነጢሳዊ ባሕርዩ ነው፤ ቀጥተኛ ጅረትን የሚገታው ግን የመዳብ ሽቦው ትንሽ ሬዚስታንስ ብቻ በመሆኑ፣ ጅረቱ ይበዛል፣ ሞተሩ ይሞቃል፣ ከቆየም የሽቦው ቫርኒሽ ተቃጥሎ ሞተሩ ይበላሻል። በዚህ ሥራ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ መጠበቅ ያለበት ነገር፣ በአዎንታዊውና በአሉታዊው ግማሽ ዑደት ላይ ትራያኩ በእኩል ሰዓት መከፈቱ ነው።

ትክክለኛው ዘዴ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ማይክሮኮንትሮለሩ ሞገዱ ዜሮን የሚያልፍበትን ቅጽበት በየግማሽ ዑደቱ ማወቅ አለበት። ለዚህ አራት 1ኤን4007 ዳዮዶች በብሪጅ ተገጥመው፣ በተከታታይ በተገናኙ ሁለት ባለ 47 ኪሎኦም ሬዚስተሮች በኩል የፒሲ817 ኦፕቶካፕለርን ኤልኢዲ ያበራሉ። ሁለት ሬዚስተር የምንጠቀመው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ በጋራ ግማሽ ዋት ያህል ሙቀት ያወጣሉ፣ የ220 ቮልት ጫፍም 311 ቮልት ስለሚደርስ ሙቀቱንም ቮልቴጁንም ተካፍለው እንዲሸከሙ ነው፤ እያንዳንዳቸውም ባለ ግማሽ ዋት ወይም ባለ 1 ዋት ይሁኑ። በኦፕቶካፕለሩ ማዶ ያለው ትራንዚስተር በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ከ5 ቮልት ጋር ይገናኝና ለአርዱዊኖ 2ኛ ፒን በየ10 ሚሊሰከንዱ አጭር ምልክት ይሰጣል። ብሪጁን ትተው አንድ ዳዮድ ብቻ ከተጠቀሙ ምልክቱ በየ20 ሚሊሰከንዱ ስለሚመጣ፣ ባለ አንድ ወገን መክፈት ውስጥ ተመልሰው ይገባሉ።

ይህ ምልክት የራሱ ስፋት አለው። ኤልኢዲው ቮልቴጁ ገና ወደ ዜሮ እየወረደ ሳለ ስለሚጠፋ፣ ኢንተረፕቱ (ማይክሮኮንትሮለሩን ከያዘው ሥራ አቋርጦ ምልክቱን የሚያሳውቀው ጥሪ) ከእውነተኛው ዜሮ ቀደም ብሎ፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ሚሊሰከንድ ቀድሞ ይመጣል። ፕሮግራሙ የምልክቱን መነሻና መድረሻ ለክቶ እኩሌታውን እንደ ዜሮ ቢቆጥር ጉዳዩ ይፈታል።

ቀጥሎ ኤምኦሲ3041ን ያውጡና የዜሮ መለያ የሌለውን ዓይነት ያስገቡ። ብዙዎች ኤምኦሲ3021ን ይጠቀማሉ፤ እኔ ግን የመስመሩ ጫፍ ቮልቴጅ 311 ሆኖ ሳለ የ3021 መቋቋሚያ 400 ቮልት ብቻ በመሆኑ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቴጅ በሚዘልበት ቤት 600 ቮልት የሚችለውን ኤምኦሲ3052 እመርጣለሁ። ከአርዱዊኖ ፒን ወደ ኤልኢዲው 220 ኦም፣ ከኦፕቶካፕለሩ ወደ ትራያኩ ጌት በሚሄደው መንገድ ላይ 360 ኦም ሬዚስተር ይበቃል። ቢቲ136 ለ75 ዋት ቬንቲሌተር ከበቂ በላይ ቢሆንም፣ ከኋላው ያለው ብረት ከመስመሩ ጋር የተገናኘ ስለሆነ፣ ብረቱ ከመስመሩ የተለየውን ቢቲኤ16-600 ብመርጥልዎ ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ የጊዜ ሥራ ነው። የኡኖን ታይመር 1 (የውስጥ ጊዜ ቆጣሪውን) ምት በ8 ስናካፍለው አንዱ ቁጥር ግማሽ ማይክሮሰከንድ፣ ግማሽ ዑደቱ ደግሞ 20,000 ቁጥር ይሆናል። ኢንተረፕቱ ሲመጣ ታይመሩን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ታይመሩ ከተወሰነው ቁጥር ሲደርስ ጌቱን ያብሩ። ለተራ የክር አምፖል 5 ሚሊሰከንድ ማዘግየት ኃይሉን ግማሽ ያህል ያደርገዋል፤ 2.5 ሚሊሰከንድ ቢያዘገዩ ግን 91 ከመቶው አሁንም ያልፋል፣ 7.5 ቢያዘገዩ የሚያልፈው 9 ከመቶው ብቻ ነው። ስለዚህ ጊዜውን በእኩል ደረጃ ከፋፍሎ እኩል የፍጥነት ልዩነት መጠበቅ አይቻልም፤ ደረጃዎቹን ቬንቲሌተሩን እያዩ ይወስኗቸው።

ለሞተር ሲሆን ሁለት ወሰኖች ይጨመራሉ። በሞተር ውስጥ ጅረቱ ከቮልቴጁ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የቀደመው ግማሽ ዑደት ጅረት ሳይቋረጥ አዲሱን አጭር ምልክት ከላኩ ምልክቱ በከንቱ ይቀራል፤ ትራያኩም አንዱን ግማሽ ዑደት ብቻ እያሳለፈ ሞተሩን እንደገና ያሞቀዋል። መከላከያው ምልክቱን አለማሳጠር ነው፦ ጌቱን ከከፈቱ በኋላ ግማሽ ዑደቱ ሊያልቅ አንድ ሚሊሰከንድ ያህል እስኪቀረው አብርተው ያቆዩት፤ ከዚያ ማጥፋትን ግን አይርሱ፤ ምክንያቱም ዜሮን ካለፈ የሚቀጥለውንም ግማሽ ዑደት ከመነሻው ይከፍተዋል። መዘግየቱን ከ2 እስከ 7 ሚሊሰከንድ መካከል ወስኑት፤ ሙሉ ፍጥነት ሲፈልጉ ደግሞ ጌቱን ያለ ማቋረጥ ያብሩት። ቬንቲሌተሩ ሲነሣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ሙሉ ኃይል ሰጥተው ከዚያ ዝቅ ያድርጉ፤ በዝቅተኛ ኃይል መነሣት አቅቶት ቆሞ የሚያጉረመርም ሞተር ይቃጠላል።

ይህን ሁሉ አድርገውም በዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ትንሽ ማጉረምረም ይቀራል። ሞገዱ በየግማሽ ዑደቱ መካከል ላይ ስለሚቆረጥ ነው፤ ከዘዴው የማይለይ ነገር ነው። ለመኝታ ክፍል የሚሆን ጸጥ ያለ መፍትሔ ከፈለጉ፣ ወደ ታች ለአዳማው አንባቢ የሰጠሁትን መልስ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ጂዳ ውስጥ እሠራለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ የሠራሁት የትራያክ መቆጣጠሪያ ያለ እንከን ይሠራ ነበር። እዚህ አምጥቼ ከገጠምኩት ወዲህ ግን መካከለኛው ደረጃ ከድሮው ይልቅ የዘገየ ሆነብኝ፤ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ደግሞ ቬንቲሌተሩ ቀስ ከማለት ይልቅ በኃይል ይንገጫገጫል። ኮዱ በየኢንተረፕቱ ውስጥ የተወሰነ ጊዜ ጠብቆ ጌቱን ይከፍታል፤ የመካከለኛው ደረጃ መጠበቂያ 5፣ የዝቅተኛው ደግሞ 9 ሚሊሰከንድ ነው።

መልስ፦ የሳዑዲ ዓረቢያ ኤሌክትሪክ 60 ሄርዝ ነው። ግማሽ ዑደቱ 10 ሳይሆን 8.33 ሚሊሰከንድ ስለሆነ፣ የ9 ሚሊሰከንድ መጠበቂያዎ ግማሽ ዑደቱን አልፎ በሚቀጥለው መጀመሪያ ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ ኮዱ በኢንተረፕቱ ውስጥ ቆሞ ስለሚጠብቅ፣ ቀጣዩ ዜሮ ሲያልፍ ማይክሮኮንትሮለሩ ሥራ ላይ ነው፤ ያንን ምልክት ዘግይቶ ተቀብሎ እንደገና 9 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፣ መዛነፉም በየዙሩ ይጨምራል። ቬንቲሌተሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ከሙሉ ኃይል ወደ ባዶ፣ ከባዶ ወደ ሙሉ ኃይል እየተመላለሰ ስለሚመታ ነው የሚንገጫገጨው። መካከለኛው ደረጃ የዘገየውም 5 ሚሊሰከንድ ከ8.33 ውስጥ የሚወስደው ድርሻ ከ10 ውስጥ ከሚወስደው ስለሚበልጥ ነው።

ቁጥሮቹን ለ60 ሄርዝ ቀይሮ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን የምመክረው ፕሮግራሙ ራሱ በሁለት ዜሮዎች መካከል ያለውን ጊዜ ለክቶ፣ የጥቂቶቹን አማካይ ይዞ፣ መዘግየቱን በዚያ መቶኛ እንዲያሰላ ማድረግ ነው። እንዲህ የተጻፈ ኮድ 50 ሄርዝ በሆኑት በኤምሬትስ፣ በኳታር፣ በኩዌትና በእስራኤል፣ 60 ሄርዝ በሆኑት በሳዑዲ ዓረቢያና በአሜሪካ ሳይቀየር ይሠራል። አገር ቤትም ቢሆን መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄነሬተር 50 ሄርዝን ሁልጊዜ አጥብቆ ስለማይጠብቅ ጥቅሙ እኩል ነው። በኢንተረፕት ውስጥ መጠበቅን ግን ከነጭራሹ ይተዉት፤ ጊዜውን ታይመሩ ይቁጠር። እንዲሁም ለ25 ሚሊሰከንድ ያህል የዜሮ ምልክት ካልመጣ ጌቱ እንዳይከፈት የሚያደርግ መስመር ይጨምሩ፤ ዜሮን የማያውቅ መቆጣጠሪያ በጭፍን የሚከፍት ስለሚሆን።

የሶኬቱንም ቮልቴጅ በቴስተር ይለኩ። በዚያ አገር በአሮጌ ቤቶች 127 ቮልት የሚሰጥ ሶኬት ሊያጋጥም ይችላል፤ የዜሮ መለያው ሬዚስተሮች ለ220 ቮልት የተመረጡ ስለሆኑ፣ በዝቅተኛው ቮልቴጅ ምልክቱ ሰፊና የተዛባ ይሆናል፤ ሁለቱን ሬዚስተሮች በ22 ኪሎኦም ይተኳቸው።

ጥያቄ፦ በጋምቤላ የምገኝ መምህር ነኝ። የክፍሉ ሙቀት ሲጨምር ቬንቲሌተሩ በራሱ እንዲፈጥን ዲኤችቲ22 የሙቀት መለኪያ ጨመርኩበት። መፍጠኑስ ይፈጥናል፤ ግን በየሁለት ሰከንዱ አንድ የመንኳኳት ድምፅ አመጣ። መለኪያውን ስነቅለው ድምፁ ይጠፋል።

መልስ፦ መለኪያዎ የተበላሸ አይደለም። ዲኤችቲ22 ቁጥሩን የሚልከው በማይክሮሰከንድ በሚለያዩ አጫጭርና ረጃጅም ምልክቶች ስለሆነ፣ በብዛት የሚሠራበት ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚገኝ ኮድ) ንባቡ እስኪያልቅ ኢንተረፕቶችን ሁሉ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይዘጋል። በዚያ መካከል ዜሮ ካለፈ ትራያኩ በተሳሳተ ሰዓት ይከፈታል ወይም ሳይከፈት ይቀራል፤ የሰሙት ድምፅ ያ ነው። ኤልኤም35ን ይጠቀሙ፦ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ በአናሎግ ፒን ማንበብም ከአንድ አሥረኛ ሚሊሰከንድ ብዙ አይበልጥም፣ ኢንተረፕትም አይዘጋም። ንባቡን አሥር ጊዜ ወስደው አማካዩን ይያዙ። ፍጥነቱ በ30 ዲግሪ ከጨመረ ወደ ታች የሚመለሰው 29 ላይ ሲደርስ ይሁን፤ አለበለዚያ ሙቀቱ ወሰኑ ላይ ሲወዛወዝ ቬንቲሌተሩም አብሮ ሲፈጥንና ሲዘገይ ይውላል።

ይኸው ምክር በዋይፋይ የሚሠሩትን ቦርዶች ለሚጠቀሙም ይሆናል። በኢኤስፒ8266 ላይ ዋይፋዩ የማይክሮኮንትሮለሩን ጊዜ ስለሚሻማ የመክፈቻው ሰዓት ይዛነፋል። ትራያኩን ለመክፈት ብቻ ሌላ ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር መድቦ፣ ኢኤስፒው የደረጃውን ቁጥር ብቻ እንዲልክለት ማድረግ ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ይህን ሰርኪዩት ለመመረቂያ ሥራ መርጠውታል። በብሬድቦርድ ላይ ከላፕቶፕ ጋር አያይዘው ሊሞክሩት ሲሉ አስቆምኳቸው። ልክ ነኝ? እንዴትስ ቢሞከር ይሻላል?

መልስ፦ ማስቆምዎ ፍጹም ትክክል ነው። የብሬድቦርድ ቀዳዳዎች ለ220 ቮልት የተሠሩ አይደሉም፤ ሽቦ በቀላሉ ይወልቃል፣ የወለቀውም ሽቦ ከአርዱዊኖው አልፎ በዩኤስቢ ገመድ ላፕቶፑንና የያዘውን ሰው ያገኛል።

ሥራውን በሁለት ደረጃ ቢከፍሉት ይሻላል። መጀመሪያ 220 ቮልትን ወደ 12 ቮልት ዝቅ የሚያደርግ ተራ ትራንስፎርመር ይጠቀሙ፤ የሚወጣው 12 ቮልት ተለዋዋጭ ስለሆነና 50 ሄርዝ ስለሆነ፣ ዜሮውን መለየትም ትራያኩን መክፈትም በመኪና አምፖል ላይ መማር ይቻላል፤ የዜሮ መለያው ሬዚስተሮች ግን ለዚህ ቮልቴጅ ወደ ጥቂት ኪሎኦም መውረድ አለባቸው። በኦሲሎስኮፕ ሞገዱን ማየት የሚቻለውም እዚህ ላይ ነው። የኦሲሎስኮፑ መሬት ከሕንፃው መሬት ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ በቀጥታ 220 ቮልት ላይ ክሊፑን ማስያዝ አጭር ግንኙነት ፈጥሮ መሣሪያውን ሊያቃጥል ይችላል።

ኮዱ ከተረጋገጠ በኋላ 220 ቮልቱ በተበየደ ቦርድ፣ በተዘጋ የፕላስቲክ ሣጥን፣ በ1 አምፒር ፊውዝ በኩል ይግባ። በቦርዱ ላይ በመስመሩ ወገንና በማይክሮኮንትሮለሩ ወገን መካከል ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ባዶ ቦታ ይተዉ። ለማይክሮኮንትሮለሩ 5 ቮልት ጥራቱ የታመነ የስልክ ቻርጀር ይስጡት፤ በካፓሲተር ብቻ ከመስመሩ 5 ቮልት የሚያወጣውን ርካሽ ዘዴ ተማሪ እንዳይነካው እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ኦፕቶካፕለሮቹ የሠሩትን መለያየት ያፈርሰዋል። የመጀመሪያው ጭነት ቬንቲሌተር ሳይሆን ባለ 60 ዋት የክር አምፖል ይሁን፤ ብልጭ ድርግም ካለ የጊዜው ሥራ ገና አልተስተካከለም ማለት ነው። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ ፍተሻ አያገለግልም።

አንድ ነገር ደግሞ ለተማሪዎቹ በእጃቸው ለክተው ቢያዩት እወዳለሁ። በትራያኩ ላይ ቮልቴጅ በፍጥነት ሲወጣ በስሕተት እንዳይከፈት፣ ከጎኑ 100 ኦም ሬዚስተርና ኤክስ2 ዓይነት (በቤት መስመር ላይ ለመግባት የተሠራ) ካፓሲተር እናስቀምጣለን። ካፓሲተሩ 100 ናኖፋራድ ከሆነ፣ ትራያኩ ተዘግቶ ሳለ እንኳ 7 ሚሊአምፒር ያህል ተለዋዋጭ ጅረት ያሳልፋል፤ ይህም ሰውን በደንብ ይነዝራል። 10 ናኖፋራድ ሲሆን ወደ 0.7 ሚሊአምፒር ይወርዳል። በአገራችን የተለመደው ባለ ሁለት ክብ እግር ሶኬት ደግሞ በየትኛውም ወገን ስለሚሰካ፣ ፌዙ በየትኛው ሽቦ እንደገባ አይታወቅም። በኮዱ የጠፋ ቬንቲሌተር የጠፋ ተደርጎ መቆጠር የለበትም፤ የሚነካው ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነው የምጽፈው። ሦስት የፍጥነት ቁልፍ ያለው የቁም ቬንቲሌተር አለኝ። ትራያክ ልግጠምለት ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ለውኃ ፓምፔስ ይሆናል?

መልስ፦ ሌላ መንገድ አለ፤ የሚሻለውም እሱ ነው። ቬንቲሌተርዎ ፍጥነቱን የሚቀይረው ከሞተሩ ጥቅል ሽቦ በተለያየ ቦታ ላይ በወጡ ሦስት ሽቦዎች ነው። አምራቹ ለሞተሩ የሚስማማውን ቮልቴጅ እዚያው ውስጥ አዘጋጅቶ ሳለ ሞገዱን በትራያክ መቁረጥ፣ ድምፅና ሙቀት ከመጨመር በቀር ትርፍ የለውም። ሦስት ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ገዝተው ቁልፎቹን ይተኩ። ሞተሩ ሙሉ ሞገድ ያገኛል፣ ዜሮ መለየት የለም፣ ዋይፋይም ሙቀት መለኪያም የሚረብሸው ጊዜ የለም።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ሁለት ሪሌይ በአንድ ጊዜ እንዳይዘጉ ማድረግ ነው። እንዲያ ከሆነ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለው የጥቅል ክፍል በራሱ ላይ ይዘጋና በውስጡ ከፍተኛ ጅረት እየዞረ ሞተሩን ያቃጥለዋል። ይህን ለኮዱ ብቻ አይተዉት፤ በአገጣጠሙ ይከላከሉት። ፌዙ ወደ መጀመሪያው ሪሌይ መካከለኛ እግር ይግባ። ሪሌዩ ሲሠራ የሚዘጋው እግር ወደ ከፍተኛው ፍጥነት ሽቦ፣ ሳይሠራ ተዘግቶ የሚቆየው እግር ደግሞ ወደ ሁለተኛው ሪሌይ መካከለኛ እግር ይሂድ፤ ሁለተኛውም ወደ ሦስተኛው እንዲሁ ይያያዝ። የሦስተኛው ሪሌይ ሳይሠራ ተዘግቶ የሚቆየው እግር ባዶውን ይቀራል። በዚህ አያያዝ ኮዱ ተሳስቶ ሦስቱንም ቢያዝዝ እንኳ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው አንድ ሽቦ ብቻ ነው። የተለመደው ባለ 5 ቮልት ሪሌይ 70 ሚሊአምፒር ያህል ስለሚፈልግና የአርዱዊኖ ፒን ይህን መስጠት ስለማይችል፣ በመካከል ትራንዚስተር፣ በሪሌዩ ጥቅል ላይም ተገልብጦ የተገናኘ ዳዮድ ያስፈልጋል፤ የተዘጋጁት የሪሌይ ቦርዶች ሁለቱንም ይዘው ይመጣሉ።

ለድሬዳዋው አንባቢ ቃል የገባሁትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የጣሪያ ቬንቲሌተር እንዲህ ያሉ የፍጥነት ሽቦዎች ባይኖሩትም፣ በተከታታይ የሚገባ ካፓሲተር ቮልቴጁን ሞገዱን ሳይቆርጥ ዝቅ ያደርግለታል። 2.2 እና 3.3 ማይክሮፋራድ የሆኑ፣ ለተለዋዋጭ 250 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ የተሠሩ የቬንቲሌተር ካፓሲተሮችን በሪሌይ እያፈራረቁ ወይም እያጣመሩ ሦስት ዝቅተኛ ደረጃዎች ይገኛሉ፤ ሌላ ሪሌይ ደግሞ ካፓሲተሮቹን አልፎ ሙሉ ፍጥነት ይሰጣል። ከእያንዳንዱ ካፓሲተር ጎን ለጎን 220 ኪሎኦም ማራገፊያ፣ በተከታታይ ደግሞ ጥቂት ኦም የሆነ ሬዚስተር ይግባ፤ የመጀመሪያው ሲጠፋ የቀረውን ኃይል ያወርዳል፣ ሁለተኛው የሪሌዩን ምላስ ከመገጣጠሚያው ብልጭታ ይጠብቃል። ሌሊት የሚተኙበት ክፍል ከሆነ ከትራያክ ይልቅ ይህን ምረጡ እላለሁ፤ ትራያክን የምመርጠው ብዙ ደረጃዎች በእርግጥ ሲያስፈልጉ ብቻ ነው።

ለውኃ ፓምፕ ግን ከእነዚህ ዘዴዎች አንዱም አይሆንም። የቬንቲሌተርም የፓምፕም ሞተር መሠረታዊ ፍጥነት የሚወሰነው በኤሌክትሪኩ ሄርዝና በፖሎቹ ቁጥር ነው፤ እኛ የምንቀንሰው ቮልቴጁን ብቻ ነው። ቮልቴጁ ሲቀንስ የሞተሩ ጉልበት በካሬው ይቀንሳል። ክንፍ የሚሽከረከርበት አየር ፍጥነቱ ሲወርድ ሸክሙም አብሮ በካሬው ስለሚወርድ፣ ቬንቲሌተሩ ዝቅ ያለ ፍጥነት ላይ ተረጋግቶ ይሠራል። ፓምፕ ግን ውኃውን እስከ ታንከሩ ከፍታ መግፋት ስላለበት ሸክሙ እንዲህ አይቀልለትም፤ የፍሪጅ ኮምፕሬሰርም እንደዚሁ ነው። ጉልበቱ ሲያንስ ይቆማል፣ ቆሞም ጅረት እየሳበ ይቃጠላል። የፓምፕን ፍጥነት መለወጥ የሚቻለው ለዚሁ በተሠራ፣ ሄርዙን በሚቀይር ኢንቨርተርና ለዚያ በሚስማማ ሞተር ነው።

ጥያቄ፦ ከዱባይ። አዲስ የገዛሁት የጣሪያ ቬንቲሌተር 35 ዋት ብቻ የሚስብ፣ በሪሞት የሚታዘዝ ነው። በእናንተ ትራያክ ሰርኪዩት ላሠራው እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም፤ እንዳይሞክሩትም። ኃይል ቆጣቢው ቬንቲሌተርዎ ብሩሽ አልባ ሞተር ያለው ሲሆን፣ በውስጡ 220 ቮልቱን ወደ ቀጥተኛ ጅረት ቀይሮ ሞተሩን የሚያሽከረክር የራሱ ማይክሮኮንትሮለር አለው። በመስመሩ ላይ የተቆረጠ ሞገድ ከላኩበት ቦርዱ ይበላሻል። ይልቁንስ ሪሞቱን ይተኩ። ሪሞቱ በዓይን በማይታይ ብርሃን የሚሠራ ከሆነ፣ አብዛኞቹ በ38 ኪሎሄርዝ ስለሚልኩ፣ ባለ ሦስት እግር ተቀባይ ከአርዱዊኖ ጋር አገናኝተው የእያንዳንዱን ቁልፍ ምልክት ያንብቡና ያስቀምጡ፤ ከዚያ በትራንዚስተር የሚበራ የኢንፍራሬድ ኤልኢዲ ያንኑ መልሶ ይላክ። ኤልኢዲው የቬንቲሌተሩን ተቀባይ በቀጥታ የሚያይበት ቦታ ላይ ይቀመጥ። ማይክሮኮንትሮለርዎ ከ220 ቮልቱ ጋር ምንም ግንኙነት ስለማይኖረው፣ ሣጥኑን ከፍተው በፈለጉት ጊዜ ኮዱን ማስተካከል ይችላሉ።